ለመምህርነት የሚዘጋጅ ተማሪ ምን ምን ይማር?

(የመምህርነት ሙያ ከፍተኛ ተማሪዎች ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ያደረጉት ንግግር)




  እኛ የመምህርነትን ሙያ በመማር ላይ ያለን ከፍተኛ ተማሪዎች ነን። ከእናንተ የምንበልጠው በጥቂት ዓመት ብቻ ስለሆነ የምንናገረው እንደ ታላቅ ወንድምና እንደ ታላቅ እኅት ነው እንጂ እንደ ሊቅ አይደለም። ሊቃውንቱ ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋልና የጎደለውን ይሞሉልናል።

ጉዳያችን አንድ ነው። አስተማሪ ለመሆን ያሰበ፣ ወይም ባያስብም እንኳ ዕድሉ ወደዚያ የሚመራው ተማሪ፣ የትኛውን ትምህርት ይምረጥ? የሚመርጠውስ በምን ሚዛን መዝኖ ነው?

በቅርቡ የትምህርት ክፍል መምረጫው ቅጽ በእጃችሁ ይገባል። አንዲት ወረቀት ናት። ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ አንደኛ ምርጫ፣ ሁለተኛ ምርጫ፣ ሦስተኛ ምርጫ ትላለች። ሞልቶ ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ነገር ግን እስቲ አብረን እናስላ። አንድ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ በዓመት አራት ክፍል ያስተምራል እንበል፤ በየክፍሉም ኀምሳ ተማሪ ይኖራል እንበል። በዓመት 200 ተማሪ መሆኑ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢያስተምር 6,000 ሰው በእጁ ያልፋል። እንግዲህ በሩብ ሰዓት የምትሞላው ወረቀት የ6,000 ሰው ነገር ያለባት ወረቀት ናት።

ይህችን ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ እንዴት እንደምንሞላት በመካከላችን የተሰወረ ነገር አይደለም። አንዱ «ነጥብ የማይሰስቱት የት ነው?» ብሎ ከነባር ተማሪዎች ይጠይቅና በዚያው ይሄዳል። ሌላው የመኝታ ክፍል ጓደኛው የጻፈውን ይጽፋል፤ መለያየትን ስለ ፈራ ነው። አንዱ በ12ኛ ክፍል ፈተና ከፍ ያለ ውጤት ያመጣለትን ትምህርት ያለ ሌላ ማሰላሰል ይመርጣል። ሌላው ደግሞ ወደ መምህርነት ገና ሳይገባ የመውጫውን በር እያየ ይመርጣል፤ እንግሊዝኛ ብማር ለድርጅት ሥራ፣ ሒሳብ ብማር ለባንክ፣ ኬሚስትሪ ብማር ለፋብሪካ ይሆነኛል ይላል። በዚህ ማንንም ልንወቅስ አልመጣንም። የኑሮው ውድነት የማይሰማው ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። ይሁን እንጂ አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት እንዲህ ላለው ምርጫ ጭምር ነው።

በአገራችን የትምህርት ዓይነት ለይቶ መምረጥ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ሕፃኑ ሁሉ በፊደልና በንባብ ይጀምራል፤ ዳዊት ይደግማል። መንገዱ የሚለያየው ከዚያ በኋላ ነው። ዜማ የፈለገ ወደ ዜማ ቤት፣ ቅኔ የፈለገ ወደ ቅኔ ቤት፣ ትርጓሜ የፈለገ ወደ መጻሕፍት ቤት ይሄዳል። የሚሄደውም ወደ ቀረበው ሳይሆን ትምህርቱ ወደ ጸናበት ቦታ ነው። ድጓ ያለ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ቅኔ ያለ ወደ ጎጃም ዋሸራ፣ ዝማሬ መዋሥዕት ያለ ወደ ዙር አባ በእግሩ ይጓዝ ነበር፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ በየደጁ እየለመነ። ከዚህ ሥርዓት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ቅርንጫፉ ከመለያየቱ በፊት ሁሉም የሚጋራው ግንድ መኖሩ ነው። ሁለተኛው፣ የበረታው ተማሪ ገና እየተማረ ሳለ ታናናሾቹን ማስተማሩ ነው። ስለዚህ በመምህርነት ወንበር የሚቀመጥበት ቀን ሲደርስ ለማስተማር እንግዳ አይሆንም፤ ትምህርቱ ከእርሱ ጋር ይስማማ እንደ ሆነ አስቀድሞ ፈትኖታል። ወደ እነዚህ ሁለት ነገሮች ኋላ እንመለስባቸዋለን።

ዘመናዊው ትምህርት ሲጀመር ችግሩ ምርጫ ሳይሆን እጦት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ሲከፈት አስተማሪዎቹ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ የአስተማሪዎች ማሠልጠኛ ተቋቁሞ የራሳችንን ሰዎች ማዘጋጀት ተጀመረ፤ ሐረርና ደብረ ብርሃንም በዚህ ሥራ ስማቸው የተጠራ ሆኑ። በሁለተኛ ደረጃ ግን ብዙ ዘመን ሒሳቡንና ሳይንሱን ያስተማሩት ከህንድ የመጡ መምህራን ናቸው፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች ተጨመሩ። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር የዚያን ዘመን ተማሪዎች ትምህርታቸውን ለአንድ ዓመት አቋርጠው ወደ ክፍለ ሀገር ወጡ፤ አብዛኞቹም የተመደቡት በአስተማሪነት ነበር። በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ የሚለው «ብቻ ሰው ስጡን» ነበር። ዛሬ ግን ጥያቄው «ምን ዓይነት ሰው?» የሚል ሆኗል።

ጥያቄው መለወጡን የሚያሳይ ቁጥር ሁላችንም እናውቃለን። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው በተፈተኑ ጊዜ፣ ከ896,520 ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። በሚቀጥለው ፈተና ከመቶ 3.2፣ ከዚያም በኋላ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4 ሆነ። በዚህ አዳራሽ ካለነው ብዙዎቻችን በእነዚህ ዓመቶች ተፈትነናል። የዚህን ሁሉ ጥፋት በአስተማሪ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ጦርነት ነበር፣ የበሽታ ዘመን አልፏል፣ መጽሐፍ አልደረሰም፣ ቤተ ሙከራው ተቆልፎ ከርሟል። ነገር ግን ያ ሁሉ ቢስተካከል እንኳ፣ በጥቁር ሰሌዳው ፊት የሚቆመው ሰው ትምህርቱን ካልወደደውና ካላወቀው ቤቱ በአሸዋ ላይ ነው። ሌላውን ነገር መንግሥትና ወላጅ ያስተካክሉት ይሆናል። ይህችኛዋ ግን በእኛ ቅጽ ላይ ያለች ናት።

እንግዲህ ለምርጫችሁ ሦስት ጥያቄዎችን እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ በየትኛው ትምህርት ነው የሕፃኑ ስሕተት የሚያጓጓን? ይህ ጥያቄ እንግዳ ይመስል ይሆናል። ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው በየትኛው ትምህርት እኛ ራሳችን እንደማንሳሳት ነውና። ዳሩ ግን ትክክል መሥራት የጎበዝ ተማሪ ሥራ ነው፤ ሌላው ለምን እንደ ተሳሳተ ማየት የአስተማሪ ሥራ ነው። ሊ ሹልማን የተባለው አሜሪካዊ የትምህርት ምሁር በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ይህን ለይቶ አስቀምጦታል። አስተማሪ ከሚያውቀው ነገር አንዱ ክፍል፣ ያው ትምህርት ለተማሪው የሚከብደው የት ላይ እንደ ሆነ፣ ተማሪው ምን የተጣመመ አሳብ ይዞ እንደሚመጣ፣ ያንንም ለማቃናት የትኛው ምሳሌ እንደሚጠቅም ማወቅ ነው። ይህ ዕውቀት ከትምህርቱ ዕውቀት ብቻ፣ ከማስተማር ዘዴ ብቻም አይገኝም። ሁለቱ ሲጋቡ የሚወለድ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እናሳይ። አንድ ልጅ ግማሽና ሲሶ ሲደመር ሁለት አምስተኛ ይሆናል ብሎ ጻፈ። ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደምሮ ነው። አንዱ አስተማሪ በቀይ ብዕር ሰርዞ ያልፋል። ሌላው ግን ቆም ይልና «ልጄ፣ ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብሎ ይጠይቃል። ልጁ እንጀራውን በአሳቡ ይቆርሳል፤ ያንሳል ይላል። «ታዲያ በግማሹ ላይ ጨምረን እንዴት ከግማሽ ያነሰ አገኘን?» ይህ ጥያቄ አሥር ጊዜ ሕጉን ከማስጻፍ ይበልጣል። እንደዚሁም ዜሮ ነጥብ ሠላሳ አምስት ከዜሮ ነጥብ ስምንት ይበልጣል የሚል ልጅ ደንቆሮ አይደለም፤ ሠላሳ አምስት ከስምንት እንደሚበልጥ ያወቀውን ይዞ ነው የመጣው። እንዲህ ያለውን ስትሰሙ «ለምን እንዲህ አሰበ?» የሚል ጉጉት ከመጣባችሁ የሒሳብ አስተማሪ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ንዴት ብቻ ከመጣባችሁ፣ በሒሳብ ሙሉ ውጤት ቢኖራችሁም እንኳ፣ ደጋግማችሁ አስቡበት።

በፊዚክስ ኳስ ወደ ላይ ሲወረወር፣ ኳሱ እየወጣ ሳለ የእጅ ግፊት አብሮት ይሄዳል፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ያልቅበታል የሚል ተማሪ ብዙ ነው። ከእጅ ከተለየ በኋላ ግን የሚጎትተው የመሬት ስበት ነው፤ ከእርሱም ሌላ የአየሩ መከላከል ብቻ አለ። በዕለት ንግግራችን ኃይል፣ ጉልበት፣ አቅም እያልን የምናለዋውጣቸው ቃላት በፊዚክስ እያንዳንዳቸው የተለየ ነገር የሚያመለክቱ ስለሆኑ ስሕተቱ ከቋንቋችንም ይወለዳል። በኬሚስትሪ ደግሞ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተዋሕደው ውሃ የሚሆኑበትን ቀመር እንዲያመዛዝን የታዘዘ ልጅ፣ በውሃው ቀመር ውስጥ ኦክስጅኑን ሁለት ቢያደርገው ቁጥሩ እኩል ይመጣለታል። የጻፈው ግን ውሃ አይደለም፤ ለቁስል ማጠቢያና ለጠጉር ማንጫ የሚሆነው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ያንን ልጅ «ይህን ትጠጣዋለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አስተማሪ አገኘ ማለት ትምህርቱን አገኘ ማለት ነው።

በባዮሎጂ «ተክል ምግቡን ከአፈር ይበላል» የሚለው አሳብ ከገበሬው ልጅ እስከ ከተሜው ልጅ ሁሉ ዘንድ አለ። ቫን ሄልሞንት የተባለ የቤልጅግ ሰው በ17ኛው መቶ ዓመት አንድ የአኻያ ችግኝ መዝኖ በተመዘነ ደረቅ አፈር ተከለው፤ አምስት ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ 74 ኪሎ ያህል ሲጨምር አፈሩ የጎደለው ወደ 57 ግራም ብቻ ነበር። ሰውየው ሁሉም ከውሃው የመጣ ነው ብሎ ደመደመ፤ ከአየር የሚገባውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አላወቀም ነበርና። እንግዲህ ታላቁ ተመራማሪ ግማሽ መንገድ ሄዶ የቆመበት ቦታ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ቢቆም ምን ያስደንቃል? ይህን የሚያውቅ አስተማሪ ተማሪውን አይንቅም።

ነገሩ የሳይንስ ብቻ አይደለም። ጂኦግራፊ የሚያስተምር ሰው ክረምት የሚለውን ቃል እንዴት ያስረዳል? መዝገበ ቃላቱ ዊንተርን ክረምት ይለዋል። የእኛ ክረምት ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ወራት ነው፤ በአውሮፓ ያን ጊዜ ሰመር ነው፣ ፀሐይ የሚሞቁበት። ልጁ ከመጽሐፍ ያነበበውን በረዶና በደጁ ያለውን ጭቃ አንድ አድርጎ ይይዘዋል። የታሪክ አስተማሪም የአድዋን ድል 1888 እና 1896 ብለው የጻፉ ሁለት ተማሪዎች ሁለቱም ልክ እንደ ሆኑ፣ አንደኛው በእኛ ሌላው በፈረንጆች አቆጣጠር እንደ ጻፈ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ደግሞ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት እንደሚሆን ማስረዳት አለበት። የ1881ዱን የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ለማስተማር የታሪክ ዕውቀት ብቻ አይበቃም፤ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ በኩል ለመላላክ ይችላሉ የሚለው በኢጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ መጻፉን ለማስረዳት የቋንቋ ነገር መረዳት ያሻል። አማርኛን የሚያስተምርም ቢሆን አፉን የፈታበት ስለሆነ ብቻ ማስተማር የሚችል አይምሰለው። አለ ብለን ስንጽፍ ተናገረ ማለታችን ነው ወይስ ይገኛል ማለታችን? ገና የሚለው ቃል በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው? ፊደላችን መጥበቅና መላላቱን አያሳይም። በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ የሚናገር ልጅ ይህን ሲጠይቅ «ዝም ብለህ አንብበው» የሚል አስተማሪ ትምህርቱን ገና አልመረጠውም ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ አጭር ነው፦ ፈተና ባይኖር ይህን ትምህርት እናነበው ነበር ወይ? አስተማሪ የሚሆን ሰው ያንኑ ምዕራፍ በዓመት አራት ጊዜ፣ በሠላሳ ዓመት አንድ መቶ ሃያ ጊዜ ያስተምረዋል። ለውጤት ብቻ የተማርነው ነገር በሦስተኛው ዓመት ደርቆ ያልቅና የቆየ ማስታወሻ ማስገልበጥ እንጀምራለን። ቢጫ የሆነ፣ ጠርዙ የተበላ ደብተር ይዞ ወደ ክፍል የሚገባ አስተማሪ ያላየ በመካከላችን ማን አለ? ያ ሰው ሰነፍ ሆኖ የተወለደ አይደለም። ከትምህርቱ ጋር የነበረው ፍቅር ያለቀበት፣ ወይም መጀመሪያውኑ ያልነበረው ሰው ነው። ስለዚህ ከቅጹ በፊት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሂዱና፣ ማንም ሳያዝዛችሁ እጃችሁ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚያርፍ ራሳችሁን ታዘቡ።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ጓደኛ ትምህርት ነው። ለምርጫችን አጋር የሚሆነው ሁለተኛ ትምህርት የትኛው ነው? በትልቅ ከተማ ባለ ትምህርት ቤት የፊዚክስ አስተማሪ ፊዚክስ ብቻ ያስተምር ይሆናል። ጥቂት ክፍሎች ባሉት የወረዳ ትምህርት ቤት ግን በአንድ ትምህርት ብቻ የሳምንቱ ክፍለ ጊዜ አይሞላለትም፤ ርእሰ መምህሩ ሌላ ይጨምርለታል። ያ የሚጨመረው ነገር ያልተዘጋጀንበት ከሆነ የሚጎዳው ተማሪው ነው። ስለዚህ የምትወስዱትን የምርጫ ኮርስ በዘፈቀደ አትውሰዱት። ፊዚክስ የመረጠ በሒሳብ ይበርታ፤ ያለ ሒሳብ ፊዚክስ ምላስ እንደሌለው ሰው ነው። ኬሚስትሪ የመረጠ ባዮሎጂን፣ ባዮሎጂ የመረጠ ኬሚስትሪን ይያዝ። ታሪክና ጂኦግራፊ ወንድማማች ናቸው፤ ያለ ቦታ ታሪክ፣ ያለ ዘመን ጂኦግራፊ አይቆምምና። ሥነ ጽሑፍ የሚወድም ከቋንቋ ጥናት አይሽሽ፤ ክፍል ውስጥ የሚጠየቀው ልብ ወለድ ብቻ ሳይሆን ሰዋስውም ነው።

ከዚህ ላይ ወደ ግንዱ እንመለስ። በቄስ ትምህርት ቤት ንባብ ለሁሉ እንደ ነበረ፣ ለእኛም ለሁሉ የሚሆን አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ቋንቋ ነው። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጣል፤ በሁለተኛ ደረጃ ግን ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የ9ኛ ክፍል የባዮሎጂ አስተማሪ፣ ወደደም ጠላም፣ የቋንቋ አስተማሪ ነው። ተማሪው ጥያቄውን ያልመለሰው ባዮሎጂውን ስላላወቀ ነው ወይስ የጥያቄው እንግሊዝኛ ስላልገባው? ይህን መለየት የማይችል አስተማሪ ላላመመው መድኃኒት ይሰጣል። እኛ የትኛውንም ክፍል ብንመርጥ፣ ያንን ትምህርት በእንግሊዝኛ አጥርተን ለመጻፍ፣ በአገር ቋንቋም ሳንደናገር ለማስረዳት እንዘጋጅ። በሚያስተምርበት አካባቢ ያለውን ቋንቋ ጥቂትም ቢሆን የተማረ አስተማሪ ከወላጆች ጋር የሚነጋገርበት አፍ ያገኛል።

ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች በቤት ያሏችሁም ይህን ንገሯቸው። ከ10ኛ ክፍል በኋላ የተፈጥሮ ሳይንስና የማኅበራዊ ሳይንስ መንገድ ይለያያል። በዚያን ጊዜ የተዘጋ በር ኋላ በቀላሉ አይከፈትም፤ ፊዚክስን ትቶ የሄደ ፊዚክስ ለማስተማር አይመለስም። «ጎበዝ ከሆንክ ተፈጥሮ ሳይንስ፣ ካልሆንክ ማኅበራዊ» የሚለውን ያረጀ ፍርድ ግን አትቀበሉላቸው። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ከመቶው 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይማሩ በተባለበት ጊዜ ብዙ የታሪክና የቋንቋ ሰዎች ሊሆኑ የሚችሉ ልጆች ባልወደዱት ትምህርት ገብተዋል። አገር የሒሳብ አስተማሪ እንደሚያስፈልጋት ሁሉ ልጆቿ ስለ ራሷ በሥርዓት እንዲያስቡ የሚያደርግ የታሪክ አስተማሪም ያስፈልጋታል። መንገዱ የትኛውም ይሁን፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ በሁለቱም በኩል ያሉ ስለሆኑ ማንም አይጣላቸው።

አሁን አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ሳንናገረው ብንወርድ ሐሰተኞች እንሆናለን። ከእናንተ መካከል የመረጣችሁትን የማታገኙ ትኖራላችሁ። ቦታው ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ ነው፤ ድልድሉም በውጤት ነው። አንደኛ ምርጫዬ አልተሰጠኝም ብሎ አራት ዓመት ፊቱን አዙሮ የሚማር ጓደኛ አይተናል። ለዚህ ሰው የምንለው «የተሰጠህን ውደድ» አይደለም፤ ፍቅር በትእዛዝ አይመጣምና። የምንለው ይህ ነው። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ብዙውን ትምህርት የጠላነው ትምህርቱን አውቀን ሳይሆን አስተማሪውን ጠልተን ነው፤ ወይም ቤተ ሙከራ ሳናይ በሰሌዳ ብቻ ስለ ተማርነው ነው። የተመደባችሁበትን ትምህርት አንድ መንፈቅ በሙሉ ልብ ሞክሩት። ከዚያ በኋላም ካልሆነላችሁ ለመለወጥ በሕጉ መንገድ ጠይቁ፤ ያም ካልተቻለ በጓደኛ ትምህርት በኩል ወደምትወዱት ግቡ። በኬሚስትሪ የተመደበ የታሪክ ወዳጅ ስለ ቆዳ ማልፋት፣ ስለ ብራና ቀለም አሠራር፣ ስለ ጠጅና ጠላ አጠማመቅ ጠይቆ ኬሚስትሪውን በአገሩ ሊያገኘው ይችላል።

የመምህራን አዘገጃጀቱ ሥርዓትም በየጊዜው ይለዋወጣል። በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ ጊዜ ከመሠረቱ ተለወጠ፤ በ2003 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ መጀመሪያ በትምህርቱ ዲግሪ ይዞ ከዚያ በኋላ የማስተማር ሙያን በድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ መማር መጣ። ነገም ሌላ ይመጣ ይሆናል። ቅጹ ቢለወጥም ሁለቱ ነገሮች አይለወጡም፤ የሚያስተምሩትን ማወቅና የሚያስተምሩትን ልጅ ማወቅ።

ክቡራን መምህራኖቻችን ሆይ፤ ለእናንተም አንድ ልመና አለን። ጎበዝ ተማሪ መጥቶ «አስተማሪ ለመሆን አስባለሁ» ሲላችሁ «ምነው ልጄ፣ በዚህ ውጤትህ?» አትበሉት። ይህን የምትሉት ከርኅራኄ መሆኑን እናውቃለን። ደመወዙ ከቤት ኪራይ ጋር እንዴት እንደሚታገል ከእኛ ይልቅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የደመወዙ ነገር በተገቢው ቦታ ሁሉ ይነሣ፤ እኛም አብረን እናነሣለን። አስተማሪን በባዶ ምስጋና ማኖር አይቻልምና። ነገር ግን ብርቱው ሁሉ እንዲሸሽ እየተመከረ፣ መምህርነት ሌላ ያጣ ሰው መጠጊያ ከሆነ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ወደዚህ ግቢ የሚመጡላችሁ ተማሪዎች የዚያ ምክር ፍሬ ይሆናሉ። ምክር ሲጠይቃችሁ ደመወዙንም፣ ሥራውንም፣ በሥራው ያገኛችሁትን ደስታም ሳትደብቁ ንገሩት፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ይምረጥ።

ለማጠቃለል፣ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት አንዲት ፈተና እንድትወስዱ እንለምናችኋለን። ነጥብ የላትም። በሰፈር ወይም በዘመድ ቤት ያለ የ7ኛ ወይም የ8ኛ ክፍል ልጅ ፈልጉ። ልትመርጡት ካሰባችሁት ትምህርት አንድ አርእስት፣ ከቻላችሁም ከሁለት ትምህርት ሁለት አርእስት፣ በየግማሽ ሰዓቱ አስረዱት። ከዚያ እርሱ መልሶ ለእናንተ እንዲያስረዳችሁ አድርጉና ዝም ብላችሁ ስሙት። ሲሳሳት አታቋርጡት። የተሳሳተበትን በወረቀት ጻፉት። ማታ ተኝታችሁ የዚያ ልጅ ስሕተት በአሳባችሁ የተመላለሰባችሁ፣ «ነገ በዚህ ምሳሌ ባስረዳውስ» ያላችሁበት ትምህርት የእናንተ ትምህርት ነው። የቅኔ ቤቱ ተማሪ ታናሹን ሲያስተምር ራሱን እንደ ፈተነ፣ እናንተም ራሳችሁን ፈትኑ።

ቅጹን ለመሙላት የሚረዳ ሰው የሚፈልግ ካለ፣ ዘወትር ከምሳ በኋላ በኅብረቱ ቢሮ እንገኛለን። ልጅ አስረድቶ የመጣ ወረቀቱን ይዞ ይምጣ፤ አብረን እናየዋለን።